ዳግመኛ ለፈተና ስለ መቀመጥ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር በየቁምስናችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የማለፊያውን ነጥብ ያላገኘ ወጣት «ደግሜ ልፈተን ወይስ ሌላ መንገድ ልያዝ?» ብሎ ወላጆቹን፣ መምህሩን፣ አንዳንድ ጊዜም ቆሞሱን ይጠይቃል። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የአንድን ሰው የወጣትነት ዓመት፣ የአንድን ቤተሰብ ገንዘብና ተስፋ፣ ይልቁንም ወጣቱ ስለ ራሱ የሚኖረውን ግምት የሚነካ ስለ ሆነ የኅሊና ጥያቄ ነው። ስለዚህ በእምነታችን ብርሃን ልንመረምረው ወደድን።

በቅድሚያ የነገሩን ስፋት እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በለጡ። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢሉም፣ ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ የሚበልጡት ማለፊያውን አላገኙም። አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ ተጠያቂው ልጁ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ሆኖ የተማረ፣ ቤተ ሙከራ በዓይኑ ያላየ፣ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ውጤቱ ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሁላችንም ይናገራል።

በቋንቋችን «ወደቀ» የሚለው ቃል ተደናቅፎ መሬት ለነካ ሰው፣ በኃጢአት ለተሰናከለ፣ በፈተናም ነጥብ ላጣ እኩል ያገለግላል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ነገሩንም አንድ አድርጎ ያያል። ልጁ በደል እንደ ፈጸመ ሰው ከጎረቤት ይሸሸጋል፤ እናቲቱም ከቅዳሴ በኋላ «የልጅሽ ውጤት እንዴት ሆነ?» የሚሏትን በመሸሽ ቶሎ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ነጥብ ማጣት ግን ንስሐ የሚያሻው በደል አይደለም። ስንፍና ወይም ኩረጃ ከነበረበት እርሱ ለብቻው የሚታይ፣ በንስሐም የሚታጠብ ነገር ነው። ይህ ልዩነት አስቀድሞ ካልተለየ የሚከተለው ውሳኔ ከእፍረት የተወለደ ይሆናል። እፍረት ደግሞ መልካም አማካሪ አይደለም፤ አንዱን ሊማር ሳይሆን ስሙን ሊያድስ ብቻ ለፈተና ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ዳግመኛ ላለማፈር ሲል የሚችለውን ያስተወዋል።

እንግዲህ በምን እንመዝነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ አንዲት በለስ የተናገረው ምሳሌ ይረዳናል። ምሳሌው በቀጥታ የሚያስተምረው ስለ ንስሐና ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ነው፤ ሆኖም አንድ ተጨማሪ ዓመት መለመን ምን ማለት እንደ ሆነም ያሳየናል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባት ዛፍ እንድትቆረጥ ባዘዘ ጊዜ አትክልተኛው ጊዜ ብቻ አልለመነም። በዚያ ዓመት ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፍግም ሊጨምርላት ቃል ገባ። የለመነው ዓመትም ወሰን ያለው አንድ ዓመት ነበር። በተጨማሪም ድካሙን የተቀበለው ራሱ አትክልተኛው እንጂ ዛፊቱ ብቻዋን አልነበረችም።

ስለዚህ ዳግመኛ ልፈተን ለሚል ወጣት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ታልፋለህ ወይ?» የሚል መሆን የለበትም፤ ይህን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ጥያቄው «በዚህ ዓመት ምን የተለየ ነገር ይደረጋል?» የሚል ነው። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ችግሩ ቋንቋው ከሆነ የፊዚክስ ጥያቄ ደጋግሞ መሥራት ብቻውን አያድንም። የሒሳቡ ጉድለት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የመጣ ከሆነ ከዚያው መጀመር ያስፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው የሚጀመር ጥናት ያለፈውን ዓመት መድገም ነው። ይህ ተስፋ ሳይሆን ምኞት ይባላል፤ ምኞት ፍሬውን ብቻ ሲያይ፣ ተስፋ ግን መኮትኮቻውን ይዞ ይነሣል።

የቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ ሕይወት ይህን ያስረዳል። የገበሬ ልጅ ነበረ፤ ትምህርትም የጀመረው ዘግይቶ ስለ ነበር የላቲን ቋንቋ እጅግ አስቸገረው። በሊዮን ከተማ በሚገኘው ዘርአ ክህነት ትምህርቱን መከታተል ስላልቻለ ተሰናበተ። ነገር ግን የኤኩሊ ቆሞስ የነበሩት አባ ባሌ ወደ ቤታቸው ወስደው አስተማሩት፤ በኋላም በሚያውቀው በፈረንሳይኛ ቋንቋ እንዲጠየቅ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1815 ክህነት ተቀብሎ አርስ በምትባል ትንሽ መንደር ከአርባ ዓመት በላይ አገለገለ፤ ዛሬ የቆሞሳት ጠባቂ ቅዱስ ነው። ይህን ታሪክ «የጸና ያልፋል» ብለን ብቻ ብንተርከው ግማሹን እንተወዋለን። የቪያኔ ጽናት ታላቅ ነበር፤ ግን አጠገቡ የሚኮተኩት አትክልተኛ ነበረ፣ መንገዱም ተለውጦለታል።

በዚያው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ተነግሮናል። ዳግመኛ መፈተንም ወጪ አለው። የማስጠኛ ክፍያ፣ ያለ ገቢ የሚያልፍ ዓመት፣ ምናልባትም በዚያው ምክንያት ከትምህርት ገበታ የምትቀር ታናሽ እኅት አለች። የወንድሟ ዳግመኛ ሙከራ የእርሷን የመጀመሪያ ዕድል የሚወስድ ከሆነ ጉዳዩ የጽናት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ይሆናል፤ በቤተሰብ ጉባኤ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ቆጥሮ መተውም ቢሆን ሽንፈት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሥራ ክብር በቅድሚያ የሚለካው በሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል። ጌታችንም በናዝሬት በአናጢ ቤት አደገ። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ብየዳን ወይም የኤሌክትሪክ ሥራን የሚማር ወጣት ከዩኒቨርሲቲ የተረፈ ሰው ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነን፣ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሲፈተን ዓመታቱ ያለፉበት፣ እጁ ግን ምንም ያልለመደ ልጅ ነው። በምሳሌው ያ ዓመት ወሰን የነበረው በከንቱ አይደለም። በእኛ ጉዳይ ግን ዓመቱ ፍሬ ባይሰጥ የሚተወው ያ መንገድ ብቻ ነው፤ ልጁን የሚቆርጥ መጥረቢያ በማንም እጅ መኖር የለበትም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አስተዋይነት ሦስት ሥራ እንዳለው ያስተምራል፤ እነርሱም መማከር፣ መፍረድና የተፈረደውን መፈጸም ናቸው። ለመማከር ውጤት የተሰማበት ሳምንት አይመችም፤ ልብ እስኪረጋጋ፣ ጸሎትም እስኪደረግ መቆየት ይገባል። ወላጅ ይምከር፣ መምህር የውጤቱን ዝርዝር እያሳየ እውነቱን ይንገር፤ ፍርዱ ግን የወጣቱ ይሁን። ዓመቱን በእስክሪብቶና በወረቀት የሚያሳልፈው እርሱ ነውና፣ አባቱ ያልደረሰበትን ሕልም እንዲፈጽም በልጁ ላይ ቀንበር አይጫን። ከተፈረደ በኋላም በየሳምንቱ እያነሡ ማመንታት የለም፤ የሚፈተነው ያጥና፣ ሙያ የመረጠው ወደ ሙያው ይሂድ።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ምእመናን፣ የአትክልተኛው ድርሻ የእኛም ነው። ቤቱ መብራት ለሌለው ተፈታኝ የቁምስናው አዳራሽ ማታ ማታ ቢከፈት፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ምእመን በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየዓመቱ ከፈተናው በፊት ለተፈታኞች እንጸልያለን፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ውጤት ከተገለጸ በኋላ ባለው እሑድም ያለፉትንና ያላለፉትን ሳንለይ፣ ሁሉንም በአንድነት በመሠዊያው ፊት አቁመን እንጸልይላቸው።