የሚንጠባጠበው ከወዴት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሚሆነን በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 7 የተጻፈው የአካን ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ለጥቂት ጊዜ ወደ ጋራዥ ጎራ እንበል። ከመካከላችን በመካኒክነት የሚተዳደሩ ወንድሞች አሉ፤ የምናገረውን ነገር እነርሱ በእጃቸው ያውቁታል።

በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 የጭነት መኪና መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት የናፍጣ ሞተር ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ሞተር ዘይት ማንጠባጠቡ አያስገርምም፤ ጉርኒሲዮኑ ይደርቃል፣ ፓራኦሊዮው ይጠነክራል፣ ቡሎኑም በንዝረት ይላላል። ስለዚህ ብዙ ሾፌር ነገሩን የእርጅና ጠባይ አድርጎ ይቆጥረውና ጠዋት ጠዋት ዘይት እየጨመረ መንገዱን ይቀጥላል። ነገር ግን አንድ ቀን ዳገት ላይ ዘይቱ ከልኩ በታች ይወርዳል፤ ግፊቱም ይጠፋል፤ ብሮንዚናው ያለ ዘይት ይፋተግና ሞተሩ ይነክሳል። ጠብታው በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በዚያ መኪና ውስጥ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ልጆቻቸውን ቤት ትተው የወጡ ሰዎች፣ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ መኪናው ጋራዥ ገባ እንበል። ለሙያው አዲስ የሆነው ልጅ ከሥር ገብቶ ያያል፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ ዘይት ተንጠልጥሏል። ወዲያው «የኋላው ፓራኦሊዮ ሄዷል» ይላል። ያን ለመለወጥ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑም ይፈታል፤ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ነው። ሁሉም ተሠርቶ መኪናው ይወጣል፤ በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ ያንጠባጥባል። ለምን? ዘይቱ የሚወጣው ከላይ፣ ከቫልቮላው መክደኛ የኋላ ጥግ ነበርና። በሞተሩ ጀርባ እየተንሸራተተ ወርዶ ታች ላይ ይጠራቀም ነበር። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ የማራገቢያውና የመንገዱ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ቦታ የመጨረሻ ማረፊያው እንጂ መነሻው አይደለም። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ በሞተር ላይ ሥሩ ከላይ ቢሆንም!

የበሰለው መካኒክ አይቸኩልም። በመጀመሪያ የወደቀውን ጠብታ በጣቱ ነክቶ ያሸታል፤ የሞተር ዘይት ነው፣ የካምቢዮ ነው፣ ወይስ ናፍጣ? ከዚያ ሞተሩን በሙሉ በላምባና በብሩሽ አጥቦ ያደርቀዋል። ለዓመታት የተጋገረ ቅባትና አቧራ ባለበት ሞተር ላይ አዲሱን ጠብታ ከአሮጌው መለየት አይቻልምና። በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንሳል፤ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ከዚያ በባትሪና በትንሽ መስተዋት እየተመለከተ ዱቄቱ አስቀድሞ የረጠበበትን፣ ከሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን ቦታ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አካን እንመለስ። ኢያሪኮ ወድቃ ነበር፤ ትንሿ ጋይ ግን እስራኤልን አሸነፈች። ወደ ሦስት ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ወጥተው ሸሹ፤ 36ቱም ሞቱ። ኢያሱ ልብሱን ቀድዶ በምድር ላይ ወደቀ። ሽንፈቱ የታየው በጦር ሜዳ ስለ ነበር ለእኛ ቢሆን ኖሮ አዛዡን በለወጥን ነበር። እግዚአብሔር ግን ኢያሱን ከወደቀበት አስነሥቶ መነሻውን እንዲፈልግ አዘዘው፤ አስቀድሞም ሕዝቡ እንዲቀደሱ፣ ማለትም እንዲነጹ አደረገ። ከዚያ ፍለጋው ከነገድ ወደ ወገን፣ ከወገን ወደ ቤተ ሰብ፣ ከቤተ ሰብ ወደ አንድ ሰው ወረደ። በአካን ድንኳን ውስጥ ካባ፣ ሁለት መቶ ሰቅል ብርና ሃምሳ ሰቅል ወርቅ ከመሬት በታች ተቀብሮ ተገኘ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ የፍለጋው ርዝመት ነው። ነገዱ ሲለይ፣ ወገኑ ሲለይ፣ ቤቱ ሲለይ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አካን «እኔ ነኝ» ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ኢያሱ እስኪጠይቀው ድረስ ዝም አለ።

ከእኛ መካከል በእናቱ ላይ የሚጮህ ወጣት አለ እንበል። ዘወትር «ሁለተኛ አልጮህም» እያለ ይምላል፤ ምላሱን ብቻ ይጠግናል። መነሻው ግን ምናልባት ሥራ በማጣቱ የሚሰማው ኀፍረት፣ ወይም ውጭ አገር በሄደው ጓደኛው ላይ ያደረበት ቅንዓት ነው። ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ ዳዊት በመዝሙር 50 የጸለየውን አንብቡ፤ ስለ ሠራው በደል ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡ ይለምናል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እንደ እኔ አስተያየት ዋናው እርሱ ነው። በቆየ ሞተር ከፒስተኑ ፋሻ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ጋዝ አለ፤ የሚወጣውም በመተንፈሻው ነው። መተንፈሻው በቆሻሻ ከተደፈነ በውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው መጋጠሚያ ሁሉ ይገፋዋል። አንዱን ጉርኒሲዮን ብትለውጡ በሌላው ይወጣል። ቡሎኑን አጥብቃችሁ ብታስሩት ደግሞ ጉርኒሲዮኑ ይጨፈለቃል፣ ኮፓው ይጣመማል፣ ማፍሰሱም ይብሳል። የሚያስፈልገው መተንፈሻውን ማጽዳት ነው። ከጸዳም በኋላ በዘይት መሙያው በኩል ጢሱ እየገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋልና ሞተሩ መታደስ አለበት።

በማኅበራችን አባላት ሲቀንሱ የምናደርገው ምንድን ነው? የስም መጥሪያውን እናጠብቃለን፤ ለቀረ ሰው ቅጣት እንጨምራለን። ኀዘኑን ለማንም ያልተናገረ ወንድማችንን ስግደት እንዲጨምር ብቻ እንመክረዋለን። ስግደቱ መልካም ነው፤ ግን መተንፈሻው ተደፍኗል። ጥያቄ ያላት እኅት በጉባኤ ብትጠይቅ እንዳይሳቅባት ትፈራለች። ንስሐ አባት ያላቸው ወጣቶች እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ በችኮላ ይሄዳሉ። ባትሪውን በሌላው ሰው ላይ የምናበራ ደግሞ ብዙዎች ነን፤ መካኒኩ ግን የሚያበራው ሊጠግነው ባስገባው ሞተር ላይ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላም መካኒኩ መኪናውን ወዲያው አያሰናብትም። ዘይቱን እስከ ልኩ ሞልቶ፣ ጭነት አስይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ዳገት ይልከዋል፤ ሲመለስ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያነጥፍና ሌሊቱን ያሳድረዋል። ጠዋት ካርቶኑን ያያል። ንስሐ የገባም ሰው እንዲሁ ቀኖናውን ፈጽሞ ወደ አባቱ ይመለሳል፤ የታየውን ይነግራል፤ ጠብታ ካለም ፍለጋው ካቆመበት ይቀጥላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።