የማለ ይያዛል

ለሥራ ወደ ጋምቤላ ክልል ዲማ በሄድኩበት ወቅት፣ ወርቅ በማጠብ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ስለ ወርቅ ገዢዎች እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንዱ ያስፈራራናል፤ ሌላው በብድር ያስረናል፤ ሦስተኛው ሚዛኔ ትክክል ነው ብሎ ይምላል። ሦስቱም ያጎድላሉ። ግን የሚምለው ይሻለኛል።» ምክንያቱን ስጠይቃቸው «በመሐላው እይዘዋለሁ» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ አነጋገር ሦስት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን አስታወሰኝ። የመጀመሪያው «ትልቅ ዱላ» በተባለው ፖሊሲው የሚታወቀው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1903 ፓናማ ከኮሎምቢያ ስትገነጠል የጦር መርከብ ልኮ የኮሎምቢያን ጦር አገደ፤ የቦዩንም መሬት እጁ አስገባ። በቀጣዩ ወር ግን መልዕክተኛው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ላይ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በአክብሮት የንግድ ውል ተፈራረመ። ዐድዋን የሰማ ዱላውን ደጅ ትቶ ይገባል!

ተተኪው ዊሊያም ታፍት ጥይትን በዶላር እተካለሁ አለ፤ በ1912 ግን ኒካራጓ ወታደር ላከ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ዉድሮ ዊልሰን ፖሊሲዬ በሥነ ምግባር ይመራል ቢልም በ1915 ሐይቲን በጦር ያዘ፤ ወታደሮቹ የወጡት በ1934 ነው።

ታዲያ ሁሉም አንድ ናቸውን? ብዙዎቻችን እንዲያ ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔ ግን አልስማማም። ዊልሰን በ1918 ሕዝቦች ዕድላቸውን በራሳቸው እንዲወስኑ ሲናገር ቃሉ ካይሮ ደረሰ። በ1919 ሳዕድ ዘግሉልና ግብፃውያን ያንኑ ቃል ይዘው ነፃነት ጠየቁ። የዊልሰን መንግሥት ግን በዚያው ዓመት እንግሊዝ በግብፅ ላይ ላላት ሞግዚትነት ዕውቅና ሰጠ። ሞግዚትነቱ በ1922 የተነሣው በዊልሰን ቸርነት ሳይሆን በግብፃውያን ትግል ነው። ቃሉ ግን ከተናጋሪው እጅ ወጥቶ የተበዳዮች መሟገቻ ሆኗል።

ዱላ ብቻ የያዘ ኃይለኛ ቃል አልገባምና ምን ብለን እንሞግተዋለን? ቃል የገባ ግን በራሱ ላይ ማስረጃ ሰጥቷል። ይህን ስል ግብዝነትን ማወደሴ አይደለም። እንዲያውም መሐላውን በጭፍን ላመነለት ሰው ግብዙ ከባለ ዱላው ይከፋል። ስለዚህ ከደካማው ወገን የሚጠበቀው መሐላውን መናቅም ማመንም ሳይሆን፣ መሐላውን ይዞ ሚዛኑን ማስፈተሽ ነው።

የዲማው አዛውንትም «እይዘዋለሁ» አሉ እንጂ «አምነዋለሁ» አላሉም።