ያልወደቀ ሁሉ ቆሟልን?

ከተሰጠው ወሰን ማለፍ ለማን ይገባል? በዚህ ጥያቄ ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ ሁልጊዜም ስለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ጥያቄውን ወደ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ሆድ ላስገባው። የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ ነው ተባለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማዘርቦርዱ በሴኮንድ 66 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል፤ ፕሮሰሰሩ ያንን በ4.5 ያባዛዋል። ታዲያ የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ያወጣ ሰው 450 ሜጋኸርዝ አገኘ፤ ብዙዎቹም ቺፖች ያለ ችግር ሠሩ። ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነበር ማለት ነው? አይደለም። ቁጥሩ የአቅም ጣሪያ ሳይሆን የፋብሪካው ቃል ነው፤ ደካማውም ቺፕ፣ ሙቀት ባለበትም ክፍል፣ ለዓመታት ይህን ያህል ይሠራል የሚል ቃል። በቃሉና በአቅሙ መካከል ክፍተት አለ፤ ኦቨርክሎክ የሚያደርገው ሰው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ንብረቱ ነው፣ መብቱ ነው። ነገር ግን ቃሉን የሻረው እሱ ስለሆነ የማስረጃው ሸክም በእሱ ላይ ይወድቃል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

ወሰኑ ሲታለፍ ማሽኑ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሣም፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ድርቅ ይላል። እነዚህ እኮ ቸር ስሕተቶች ናቸው፤ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ክፉው ሌላው ነው፦ ስክሪኑ እንደበራ፣ ሥራው እንደቀጠለ፣ አንዲት ቢት ትገለበጥና የተሳሳተውን መልስ እንደ ትክክለኛው አድርጎ ይሰጣችኋል። ፕራይም95 የተባለው ፕሮግራም ለፈተና የተወደደው ለዚህ ነው፤ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን ለሰዓታት እያሠራ ያነጻጽራል። ኧረ ያም ቢሆን! ዛሬ ሌሊቱን አልተሳሳተም ማለት ነገም አይሳሳትም ማለት አይደለም። ቮልቴጅ ቢጨመርለት ይረጋጋል ይባላል፤ የሚበላው ኃይል ግን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል፣ ሙቀቱም ይከተላል፣ ቺፑም ቶሎ ያረጃል።

ለራሱ ጨዋታ ያፋጠነውን ሰው ማን ምን አገባው? የጓደኛው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሌላ ሰው ሒሳብ የተቀመጠበት ማሽን ከሆነ ግን ያልተጠየቀ ሰው አደጋውን ተሸከመ ማለት ነው።

ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2024 በሰፊው አየነው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መሰናከል አበዙ። ሲመረመር የኢንቴል የራሱ ማይክሮኮድ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበር ታወቀ፤ ግን ሌላም ነገር ወጣ። በርካታ ማዘርቦርዶች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ የኃይል ወሰናቸው ኢንቴል ከመከረው በላይ ተከፍቶ ነበር። የገዛው ሰው እኮ ባዮስ ምን እንደሆነ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ወሰኑን እሱ አልተሻገረም፤ ሳይነግሩት አሻገሩት እንጂ። ኢንቴል ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዘመ፣ ማስተካከያም አወጣ፤ ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ አያድነውም።