ሰው ወዶ የሚሸከመው ሸክም

ሰው በሕይወቱ ከሚሸከማቸው ሸክሞች አብዛኞቹን የምታሸክመው ኑሮ ራስዋ ናት። በሽታ፣ ችግር፣ የሚወዱትን በሞት መነጠቅ ማንም መርጦ የሚቀበላቸው አይደሉም። እነዚህን በትዕግሥት ተሸክሞ የሚሄደውን ሰው ስናይ ሁላችንም ያለ ክርክር እናከብረዋለን። ነገር ግን ማንም ሳያስገድደው፣ እንጀራም ሳያገኝበት፣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ከሞቀ አልጋው ተነሥቶ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ፣ እግሩንም በረጅም መንገድ የሚያደክመውን ሰው ምን እንበለው? ጽኑ ሰው ነውን? ወይስ ጉልበቱን በከንቱ የሚያፈስ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ስለ ሰውነታችን፣ ስለ ጊዜያችንና ስለ ባልንጀራችን ያለንን አስተሳሰብ የሚነካ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በዘመናችን ከሚገኙት ምሳሌዎች አንዱ ትራያትሎን የተባለው ውድድር ነው። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚፈጸሙበት ውድድር ነው። አጭሩ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሲድኒ ኦሊምፒክ ከጨዋታዎቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል። ረጅሙ ዓይነት ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። ተወዳዳሪው በመጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጓዛል፤ ይህም ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ ለመመለስ የሚቃረብ መንገድ ነው። በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሮጣል። ለዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው 17 ሰዓት ነው። ከተወዳዳሪዎቹም ብዙዎቹ ሽልማት የማይጠብቁ፣ በየሥራቸው የሚተዳደሩ ተራ ሰዎች ናቸው።

የውድድሩ አጀማመር ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሃዋይ ደሴቶች፣ በኦዋሁ፣ ከአንድ የሩጫ ውድድር በኋላ በተደረገ የሽልማት ዝግጅት ላይ ከሯጭና ከዋናተኛ የሚበረታው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ጆን ኮሊንስ የተባሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ብስክሌተኛውም ሊረሳ እንደማይገባ ተናገሩ፤ ለዚህም የቤልጅጉን ታላቅ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስን በምሳሌነት አነሡ። ከባለቤታቸው ከጁዲ ጋር ሆነውም በደሴቲቱ በየጊዜው ይደረጉ የነበሩትን ሦስት ልዩ ልዩ ውድድሮች በአንድ ቀን አጣመሩ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ፈጸሙ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሄለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ፈጅቶበታል። ለተወዳዳሪዎቹ በታደለው ወረቀት ላይ የፈጸመ ሰው በቀረው ዕድሜው ሁሉ ሊፎክርበት እንደሚችል በቀልድ ተጽፎ ነበር። ቀልድ ቢሆንም እውነት አለበት። በእኛ ሀገር ፎካሪው የሚፎክርለት ወገን ነበረው፤ ስለ ራሱ ብቻ የሚፎክረውን ግን አባቶቻችን በውዳሴ ከንቱ ተይዟል ይሉታል። እንግዲህ የመጀመሪያው አደጋ ከውድድሩ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ልብ እንበል።

አሁን አንድ ሰው በአሳባችን እናቁም። ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ፣ በቢሮ ሥራ የሚተዳደር፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በየሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር ብስክሌት መንዳት የለመደ ሰው ነው። በዳገት የሚቀድመው የለም። ይህ ሰው በዚህ ዓመት ረጅሙን ትራያትሎን እሞክራለሁ ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያው ትምህርቱ የሚጀምረው ከመዋኛው ገንዳ ነው። በብስክሌት የጠነከሩት ጭኖቹ በውሃ ውስጥ ወደ ታች ይጎትቱታል። ኃይል በጨመረ ቍጥር ትንፋሹ ያጥረዋል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ ውሃ ከጉልበት ይልቅ ሥርዐት ላለው እንቅስቃሴ ይታዘዛልና። 50 ሜትር ዋኝቶ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ሲያለከልክ፣ የ10 ዓመት ልጅ በአጠገቡ እንደ ዓሣ ያልፋል። በመንገድ ላይ የተከበረው ሰው በውሃ ውስጥ ጀማሪ ሆነ።

ይህ ውርደት ነውን? በእኔ አስተያየት ስጦታ ነው። በአንድ ነገር ለብዙ ዘመን አዋቂ ሆኖ የኖረ ሰው አለማወቅ ምን እንደሚመስል ይረሳል። እኛ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሰዎች ይህን ድካም በራሳችን እናውቀዋለን። አንድ ሕፃን ሦስት ጊዜ የተነገረውን በአራተኛው ሲሳሳት እንቈጣለን፤ እኛም አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተነግሮን ያልገባን መሆናችንን አናስታውስም። ገንዳው ውስጥ የቆመው ብስክሌተኛ ግን ዛሬ ያስታውሰዋል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ልጁን የሒሳብ ትምህርት ሲያስጠና ድምፁ ዝቅ ካለ፣ ያ የጠዋት ድካም ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው እርሱ አውቀዋለሁ በሚለው በብስክሌቱ ላይ ነው። ብስክሌተኞች በቡድን ሲጓዙ ነፋሱን በየተራ ይከላከላሉ። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲገምስ፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚሄደው ጉልበቱን ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ያተርፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ በገበሬዎቻችን ዘንድ እንደሚታወቀው ወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። በረጅሙ ትራያትሎን ግን ይህ ክልክል ነው። እያንዳንዱ ነፋሱን ለብቻው እንዲጋፈጥ ታስቦ፣ በብዙ ውድድሮች በሁለት ብስክሌቶች መካከል 12 ሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር ይታዘዛል። ዳኞች በሞተር ብስክሌት እየተዘዋወሩ ይቈጣጠራሉ፤ የጣሰውም ለደቂቃዎች ቆሞ ይቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥልቅ ነገር እናያለን። ትናንት በጓደኞቹ መካከል ፍቅር የነበረው ያው ድርጊት ዛሬ ስርቆት ሆነ። የተለወጠው ድርጊቱ ሳይሆን በሰዎች መካከል የተገባው ቃል ነው። 180 ኪሎ ሜትር ደግሞ ረጅም መንገድ ነው፤ ዳኛው በሁሉም ኩርባ ሊገኝ አይችልም። ነፋሱ ፊትን ሲመታ፣ የቀዳሚው ጀርባ 5 ሜትር ላይ ሲታይና የሚያይ ዐይን ሲጠፋ፣ ሰው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ይቀራል። በዚያች ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሕጉን የሚጠብቅ ሰው ማንም አያጨበጭብለትም፤ በውጤቱ ሰሌዳ ላይም የሚታየው መዘግየቱ ብቻ ነው። ከሜዳልያው ይልቅ ይህችን ያልታየች መዘግየት ይዞ ቢመለስ የበለጠ ያተረፈ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ልክ ነው። ጀማሪው ተወዳዳሪ በዋናው ስለሚፈራ በጥንቃቄ ይዋኛል። ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ግን ልቡ ይሞላል፤ በውሃው ውስጥ የቀደሙትን አንድ በአንድ ያልፋል፤ ዳገቱን እንደ ለመደው ይጋልባል። ነገር ግን ሰውነት በውስጡ የሚያከማቸው ፈጣን ስንቅ ውሱን ነው፤ በብርቱ ሥራ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። እየበላና እየጠጣ፣ ጉልበቱንም እየቈጠበ ያልተጓዘ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በማራቶኑ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የተጐዳው በሚደክምበት በዋናው ሳይሆን በሚመካበት በብስክሌቱ ነው። በኑሮም እንዲሁ ይሆናል። አንደበተ ርቱዕ በንግግሩ፣ ብልኅ በብልኅነቱ ይሰናከላል፤ ሰው በሚደክምበት በኩል ይጠነቀቃልና፤ በሚበረታበት በኩል ግን በሩን ክፍት ይተዋል።

ታዲያ ልኩ የት ነው? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1982 በዚያው በሃዋይ በተደረገው ውድድር ጁሊ ሞስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴቶቹን እየመራች ወደ መጨረሻው መስመር ስትቃረብ ጉልበቷ ከዳት። ወደቀች፤ ተነሣች፤ ዳግመኛ ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ በዚያች ቅጽበት አልፋት አሸነፈች። ሞስም በእጅና በጉልበትዋ እየዳኸች ከ29 ሴኮንድ በኋላ መስመሩን ነካች። በቴሌቪዥን የተመለከቱት ብዙዎች አለቀሱ፤ ወደዚህ ስፖርት የገቡም ጥቂቶች አይደሉም። እኛም ስናስበው ልባችን ይነካል። ሆኖም ከሞስ ታሪክ ውጭ፣ አንድ አባት እንዲሁ ሰውነቱን እስከ መጨረሻው ቢጨርስና ልጆቹን ያለ አሳዳጊ ቢያስቀር፣ ያንኑ ድርጊት ጽናት እንለዋለንን?

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴኦሎጂካ ድርሰቱ ለታላቅ ነገር ስለ መነሣሣት ሲያስተምር ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን ይለያል። አንደኛው ከዐቅም በላይ የሆነውን በድፍረት መሞከር ነው፤ በእኛ ተረት ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የማንነቅፈው የልብ ማነስ ነው፤ ይኸውም የሚቻለውን አልችልም ብሎ መተው ነው። ለዚህም የጌታውን ገንዘብ በምድር የቀበረውን አገልጋይ በምሳሌነት ያነሣል። እንግዲህ አለመሞከር ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለዱት አሜሪካዊት መነኵሴ እማሆይ ማዶና ቡደር ሩጫ የጀመሩት ወደ 50 ዓመት ሲቃረቡ ነው። በ2012 በካናዳ ረጅሙን ትራያትሎን ሲፈጽሙ ዕድሜያቸው 82 ነበር። ሳይፈጽሙ የቀሩባቸው ውድድሮችም ነበሩ። ለመጀመርም ለማቆምም ነጻ የሆነ ሰው ሸክሙን ይሸከማል እንጂ ሸክሙ እርሱን አይሸከመውም።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረናል፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። የዚህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ለረጅሙ ትራያትሎን የሚዘጋጅ ሰው በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዓታት ከሰማይ አይወርዱም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን የምታጥበው፣ ገበያ የምትወጣው፣ ታማሚ የምትጠይቀው ሚስቱ ብቻዋን ከሆነች፣ እርሱ በጎዳናው ላይ ሲደክም እርስዋ በቤት ውስጥ የእርሱን ድርሻ እየሮጠች ነው። ለእርስዋ ግን የመጨረሻ መስመርም፣ ሜዳልያም፣ አጨብጫቢም የላትም። ወዶ የተሸከመው ሸክም ሳትወድ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ካረፈ፣ ጽናት የሚለው ስም አይገባውም። ስለዚህ የዚህ ሰው የመጀመሪያ ልምምድ በውሃ ውስጥ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ መሆን ነበረበት፤ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ተስማምቶ፣ የሚያጐድለውን የሚተካበትን መንገድ አበጅቶ መነሣት ነበረበት።

ከአንባብያን መካከል በልቡ የሚታዘበን እንደሚኖር አውቃለሁ። በገጠራችን ውሃ ለመቅዳት እንስራ አዝላ ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት አለች፤ እርስዋ በየቀኑ የምታደርገው ማንም ሳይቈጥርላት ይቀራል፤ ታዲያ ስለ ጨዋታ ድካም ይህን ያህል ማውራት ምን ይጠቅማል? ይላል። ትዝብቱ ትክክል ነው። ያልተመረጠው ድካም ከተመረጠው ይከብዳል፤ ማቆም አይቻልምና። ብስክሌተኛው ቢደክመው ከመንገዱ ዳር ይቀመጣል፤ እናቲቱ ግን ብትቀመጥ ቤቱ ውሃ አይኖረውም። ስለዚህ ወዶ የሚደክም ሰው ሳይወዱ በሚደክሙት ፊት ሊፎክር አይገባውም። ነገር ግን የተመረጠው ድካም ላልተመረጠው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። በማራቶኑ መጨረሻ ጥም ምን እንደሆነ የቀመሰ ሰው፣ ያችን እናት በመንገድ ሲያገኛት ሸክሟን ያግዛታልን? ወይስ ስለ ራሱ ውድድር ይተርክላታል?

እንግዲህ ለመነሻ ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው ወዶ የሚሸከመው ሸክም በራሱ ምግባርም ነውርም አይደለም። የሚመዘነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰውየው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ዓመቱ አልፎ፣ ብስክሌቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ከቤተሰቡ አንዱ በድንገት ይታመማል እንበል። አሁን የሌሊቱ 10 ሰዓት የሚመጣው ለልምምድ ሳይሆን ለአስታማሚነት ነው። የሚቀድመው ሰው የለም፤ ሰዓት የሚይዝለትም የለም። ያን ጊዜ ሳያጕረመርም ከተነሣ፣ በውሃና በጎዳና ላይ ያፈሰሰው ጉልበት አልባከነም። እያንዳንዳችንም ወደን የተሸከምነውን ሸክም፣ ስፖርትም ይሁን ትምህርት፣ የማኅበር አገልግሎትም ይሁን ሌላ፣ በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው መልካም ነው።