ጋሻው ከምን ይከልላል?

ከጥይት ያስጥላል ተብሎ በአንገት የሚንጠለጠል ክታብ በአገራችን የቆየ ነው። ክታቡን የናቀ ክርስቲያን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ክታብ ያበጃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 6፣ የዘረዘረውን መንፈሳዊ የጦር ዕቃ ጥይትም በሽታም የማያልፈው ልብስ ያደርገዋል። «እግዚአብሔርን ከታመንሁ ምንም አይነካኝም» ይላል።

ይህ አሳብ ጋምቤላ ላይ ይፈተናል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ከጋምቤላ ከተማ ውጭ በመኪና ሲጓዙ በታጣቂዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ወደ ከተማ ሲገባ ቁጣው ያረፈው በገዳዮቹ ላይ አልነበረም፤ በአኙዋክ ሕዝብ ላይ ነበር። የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች እንደዘገቡት፣ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ የከተማው ነዋሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮችን ገደሉ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሺዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ከአኙዋኮች መካከል ክርስቲያኑ ብዙ ነው። ታዲያ ጋሻቸው የት ነበር? እምነታቸው ጎድሎ ነው የሚል ካለ በሟች ላይ ይፈርዳል። ደግሞስ ከገዳዮቹ መካከል ማተብ ያሰረ አልነበረም ለማለት ማን ይደፍራል?

መልእክቱን ደግመን ብናነብ ጳውሎስ ራሱ እስረኛ ሆኖ እንደጻፈው እናስተውላለን። እግዚአብሔርን መታመኑ ሰንሰለቱን አልበጠሰለትም። የዘረዘረውም እውነትን፣ ጽድቅን፣ ሰላምን፣ እምነትን፣ መዳንንና የእግዚአብሔርን ቃል ነው። ውጊያውም ከሥጋ ለባሽ ሰው ጋር እንዳልሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። እንግዲህ ይህ የጦር ዕቃ የሚጠብቀው ሰው እንዳይገደል ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በፊት ገዳይ እንዳይሆን ነው። እውነትን የታጠቀ «ማን ገደለ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ሁሉም አንድ ናቸው» አይልም። ጽድቅን የለበሰ የአንዱን ዕዳ ከሌላው አይጠይቅም። ሰላምን የተጫማ የሚሳደደውን ጎረቤቱን ሊሸሽግ ይሮጣል።

«ይህ ለከተማ ሰው የሚመች ስብከት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር መንደሮችን ወርረው ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። ልጁ የተወሰደበትን አባት «ተቀምጠህ ጸልይ» ብንለው በእግዚአብሔር ስም ማላገጥ ይሆናል። ድንበር መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። መንደሩን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰውም እምነት አላነሰውም። ጳውሎስ ያለው የጦር ዕቃ በዘብ ፋንታ የተሰጠ አይደለም።

የሚያስፈልገው ግን እዚያው ዘብ በቆመው ሰው ልብ ውስጥ ነው። የልጁን ጠላፊ ማሳደድ አንድ ነገር ነው፤ ጠላፊውን የሚመስለውን መንገደኛ መግደል ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በንዴት ሰዓት ከአንድ እርምጃ አይበልጥም። ያችን እርምጃ እንዳይራመድ የሚይዘው ምንድን ነው? ፍርድ በሰው እጅ ብቻ እንዳልቀረ፣ ያልተከፈለው ደም በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳ ማመን ነው። እግዚአብሔርን መታመን ማለት ይህ ይመስለኛል።

ክታብ ያሰረ ሰው በሕይወት ወደ ቤቱ መመለሱን ይለምናል። ጋሻውን ያነሣ ሰውም ይህንኑ ይለምናል፤ ነገር ግን እጁ በንጹሕ ሰው ደም ሳይነከር መመለሱን ያስቀድማል።