የድንኳን ደግነት

የጥቅምት 5ን በዓል፣ የአቦን ማለቴ ነው፣ ቤተሰባችን ዝቋላ ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ያከብር ነበር። ተራራው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ከሐይቁ የሚነሣው የሌሊት ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።

አባቴ ከተማ ሳለ በሩን በጊዜ ይቀረቅራል። ለማኝ ቢጣራ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያሰናብታል። ዝቋላ ላይ ግን የማያውቀውን መንገደኛ እጁን ይዞ ያስገባል፤ ከኛም አስቀድሞ ያጎርሰዋል። ታዲያ እውነተኛው አባቴ የትኛው ነው?

«የዓመት በዓል ደግነት ማስመሰል ነው» የምንል ብዙ ነን፤ እኔም እል ነበር። ግን በዚያ ጨለማ ለማን ብሎ ያስመስላል? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ወዲህ ነው፤ ድንኳን መቀርቀሪያ የለውም። የጎረቤት ሳል ይሰማል። ከተማ ውስጥ ግንቡ አያሰማንም፤ (ግንቡን የገነባነው እኛው መሆናችን ሳይረሳ!) እንግዲህ ልባችን ሳይሆን ግድግዳችን ነው ጥፋተኛው?

እንዲህ እንዳልል የ2010ሩ ሌሊት ትዝ ይለኛል። አንዲት የማናውቃቸው እናት ድንኳናችን ገብተው ከጎኔ ተኙ። ይህን ሁሉ የምፈላሰፈው እኔ ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ሳብኩ። አባቴ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ጋቢውን አውልቆ አለበሳቸውና እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ አነጋ።