ፍላሚንጎ ቀለሙን ከየት አመጣው?

 

ዛሬ መልእክቴ በተለይ ዱባይ ላላችሁ ነው። በዚህ በብርዱ ወቅት አንድ ቀን ዕረፍት ካገኛችሁ፣ ከሞል ሞል ከመዞር ራስ አል-ኾር ሂዱ። ከተማውን የሚከፍለው የባሕር ሰርጥ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያበቃበት ረግረጋማ ቦታ ነው፤ ስሙም በዐረብኛ ይኸንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች ጋር ተመዝግቧል። ከፊት ጭቃ፣ ማንግሮቭና ወፍ፤ ከኋላ ቡርጅ ኸሊፋ።

ወፎቹን የምታዩት ከመመልከቻ ጎጆ ውስጥ ሆናችሁ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሰልፊውም ይቆይ። (ለአንድ ሰዓት ስልክ አለመነካካት በራሱ ለልብ መድኃኒት ነው።) ሱረቱል ሙልክን አስታውሱ፦ አላህ ከበላያችን ክንፋቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ የሚበሩትን ወፎች እንድናይ ይጠራናል፤ ከእርሱ ከአር-ረሕማን በቀር የሚይዛቸው እንደሌለም ይነግረናል።

በአላህ ላይ በእውነት ብንመካ ወፎችን እንደሚመግብ እኛንም እንደሚመግበን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ወፏ ጠዋት ተርባ ትወጣለች፣ ማታ ጠግባ ትመለሳለች። ይህን ሐዲስ ቤት ቁጭ ለማለት ማስረጃ የሚያደርግ ሰው አጋጥሞኛል። ፍላሚንጎን ቢያይ ጥሩ ነበር! ጭቃ ውስጥ ቆሞ በእግሩ ደለሉን ይረግጣል፣ ጭንቅላቱን ገልብጦ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ውሃውን በምላሱ እየሳበና እየገፋ በምንቃሩ እንደ ወንፊት ያጠላል። ለዚያ ሁሉ ድካም የሚያገኘው ለዐይን የሚያስቸግር ጥቃቅን ነገር ነው። እሱን እየለቀመ ይጠግባል።

አሁን ቀለሙን ተመልከቱ። ጫጩቱ ሲፈለፈል ግራጫ ነው። ያ ሮዝ ቀለም የሚመጣው ከሚበላው ከአልጌና ከጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ነው፤ ላባውን እስኪሞላ ዓመታት ይፈጃል። ያን ምግብ ካጣ ይደበዝዛል። ሱብሓነላህ! የበላው በላዩ ላይ ይታያል። እኛ ላባ የለንም፤ የበላነው የሚታየው ዱዓችን ላይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ስላደከመው፣ ፀጉሩ ስለተንጨባረረ፣ አቧራ ስለለበሰ ሰው ተናግረዋል። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ያ ረብ! ያ ረብ!» ይላል። ግን ምግቡ ሐራም፣ መጠጡ ሐራም፣ ልብሱ ሐራም ነው። ታዲያ ዱዓው በምን መንገድ ተቀባይነት ያገኛል?

ሌላም አለ። ፍላሚንጎዎች፣ እናትም አባትም፣ ጫጩታቸውን የሚመግቡት ጉሮሯቸው ውስጥ በሚያመነጩት ወተት መሰል ቀይ ፈሳሽ ነው። በዚያ ወቅት የራሳቸው ላባ እየነጣ ይሄዳል፤ ቀለማቸውን ለልጃቸው ይሰጡታል። ይህን ሳስብ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይታዩኛል። አገር ቤት ታናናሾቻቸው ይማራሉ፣ የእናታቸው ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል፤ እነሱ እዚህ ይገረጣሉ።

እንግዲህ ከዚች እህት ደመወዝ ላይ «የቪዛ ነው»፣ «የማስቀጠሪያ ነው» እያልክ ያልተስማማችበትን የወራት ገንዘብ የምትቆርጥ ወንድሜ፣ ልጆችህን በምን ቀለም እያሳደግካቸው ነው? ከዚያው ላይ ለመስጂድ ማሠሪያ ማዋጣትህ አያጠራውም፤ አላህ ንጹሕ ነው፣ የሚቀበለውም ንጹሑን ነው። ሐቁ የእሷ ነው። ስልኳ አንተ ዘንድ አለ። ዛሬ ከሶላት በኋላ ደውልላት፤ በአንዴ መክፈል ካቃተህም በስንት ወር እንደምትጨርስላት ተነጋገሩ።